አጥጋቢ መከራ

የሚመሰገን መሥሪያ ቤት ተገኝቶ አለማመስገን ነውር ነው። በምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች መካከል፣ ከሰሉ አልቆ ስሙ ብቻ በቀረ ሸለቆ ውስጥ የቆመው የኮሌጃችን የድጎማ ቢሮ ምስጋና ከሚገባቸው አንዱ ነው። ይህ ቢሮ ለድኻ ተማሪ የመንግሥትን ድጎማ ያድላል። ከማደሉ ይልቅ ግን የታደለው ነገር በከንቱ እንዳይቀር መጠበቁ ይበልጣል። ጥበቃው የተመሠረተው «አጥጋቢ የትምህርት እድገት» በተባለ መመሪያ ላይ ሲሆን፣ መመሪያው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ውጤትህ ከሲ አይውረድ፤ ከተመዘገብክባቸውም ኮርሶች ሁለት ሦስተኛውን ጨርስ። ከሁለቱ አንዱ የጎደለበት ተማሪ አላደገም፤ ያላደገም አይደጎምም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ቢሮው ይህን መመሪያ ከያዘ ወዲህ ለአንድ ቀን ለቆት አያውቅም። ሞኝ ስለሆነ አይደለም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሞኟ ኦሌታ ማጋርድ ናት፤ እኔ ሳልሆን ራሷ ናት የምትለው።

ኦሌታ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ስታበስል ኖራ፣ የሚማር ልጅ ጠፍቶ የሸለቆውን ሁለት ትምህርት ቤቶች አንድ ሲያደርጓቸው ድስቱም እሷም ትርፍ ሆኑ። ባሏ ዴልበርት ከማዕድን ጉድጓድ የወጣው ሳንባውን ግማሹን እዚያው ትቶ ነው፤ በአፍንጫው ቱቦ፣ በእጁ ጎማ ያላት የኦክስጅን ጠርሙስ እየጎተተ ይሄዳል። ኦሌታ ይህን ጠርሙስ ስትከፍትና ስትዘጋ ስንት ዘመን ከኖረች በኋላ አንድ ቀን፣ «የምከፍተው ምን እንደሆነ ልወቀው» ብላ ኮሌጅ ገባች፤ የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ ልትሆን። ተመርቃ ብትወጣ የሸለቆው ክሊኒክ ነገውኑ ይቀጥራታል። ድጎማው ቢቆም ደግሞ ነዳጅ ማደያው ውስጥ ቋሊማ የሚያገላብጥ ሰው ይፈለግ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እሷ ጠምጥማ፣ ፈታ፣ ፀጉሯ ሸብቶ ነው የጀመረችው።

ጎበዝ ሆነች። ይህን መካድ አይቻልም። ችግሩ ግትር ሆና ጎበዝ መሆኗ ነው። የማጋርድ ሚስት ከመሆኗ በፊት የስሎን ልጅ ነበረች፣ የስሎን ዘር ደግሞ ብትበርም ፍየል ናት የሚል ዘር ነው። እኛ ተራራ ላይ የምንኖር ሰዎች አንድ ደንብ አለን፤ እንግዳ የሆነ ሰው ባለቤቱ ሳያዛጋ ይነሣል። ሲያዛጋበት ጠብቆ የተነሣ፣ የልጅ ልጁ ድረስ ይወራበታል። ኦሌታ ይህን ደንብ ወደ ኮሌጅ ይዛው ገባች። ፈተና ተመልሶ ከመቶ ዘጠና ያላገኘችበት ክፍል ሲኖር፣ «እዚህስ ባለቤቱ አዛጋ» ብላ ትነሣለች። ሹልክ ብላ እንዳይመስላችሁ። የመምህሩን እጅ ጨብጣ፣ ስላስተማሯት አመስግና፣ በእጇ የሠራችውን አንድ ብልቃጥ የብላክቤሪ ማርማላታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ነው። ከሥነ ልቦና ክፍል እንዲህ ወጣች። ከንግግር ክፍልም ወጣች። ከአልጀብራማ ገብታ ስትወጣ፣ ገብታ ስትወጣ፣ አስተማሪዋ ሚስ ታኬት ከዚያ ወዲህ ማርማላታ ገዝታ አታውቅም ይባላል።

በጨረሰቻቸው ኮርሶች ግን ሁሉ ኤ ነው። አራት ነጥብ፣ ምንም ሳይሸራረፍ።

ስለዚህ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ኮሌጅ፣ ሁለት ፖስታ ደረሳት። አንደኛው ኦሌታ ማጋርድ ከኮሌጁ ተማሪዎች ሁሉ የላቀ ውጤት በማምጣቷ ስሟ በክብር ሰሌዳ ላይ መስፈሩን በታላቅ ደስታ ይገልጻል። ሁለተኛው ኦሌታ ማጋርድ በትምህርቷ ባለማደጓ ድጎማዋ መቋረጡን በታላቅ አክብሮት ያሳውቃል። ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ ኮሪደር ፊት ለፊት ናቸው። በሮቻቸውን ከፍተው ቢቀመጡ ይተያያሉ፤ ሙቀቱ እንዳይወጣ ብለው ነው የሚዘጉት።

ዴልበርትን አስከትላ ሄደች። የድጎማ ቢሮው ኃላፊ ሚስተር ኪምብሮ ክራባቱ የማይጣመም፣ ድምፁ የማይነሣ ሰው ነው። ወንበር ሳበላቸው።

«ወይዘሮ ማጋርድ፣ የሚያሳዝን ሆኖ እድገትዎ አላጠገበም።»

«ይሄስ?» ብላ የክብር ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋችው።

«እሱ የማዶው ቢሮ ነው።»

«የማዶው ቢሮ አንደኛ ነሽ ነው የሚለው።»

«ነዎት። እንኳን ደስ ያለዎት። እኛ ዘንድ ግን አላደጉም።»

«አንደኛ የወጣ ሰው ምን ሆኖ ነው የማያድገው?»

«አንደኛ የወጡት በጨረሱት ነው። እኛ የምንቆጥረው የጀመሩትን ነው።»

«እውነቱን ነው» አለ ዴልበርት በቱቦው መሃል። «ጓሮ የጀመርሽው የዶሮ ቤትም አለ።»

«አንተ ትንፋሽህን ቆጥብ።» ወደ ኪምብሮ ዞረች። «ባልወጣ ኖሮስ? ቁጭ ብዬ ሲ ባገኝ?»

«ሁሉም ነገር መልካም ይሆን ነበር።»

«በሲ?»

«በሲ።»

ኦሌታ ይህችን ፊደል የምትጠራት ሌላው ሰው ቅማልን በሚጠራበት ድምፅ ነው። ኪምብሮ ግን ሳይደነግጥ የመመሪያውን ርኅራኄ አብራራላት። አቤቱታ የሚባል ነገር አለ። መከራ የደረሰበት ተማሪ መከራውን በጽሑፍ ገልጾ፣ በማስረጃ አስደግፎ፣ ዳግም እንደማይደርስበትም አሳይቶ ካቀረበ፣ ኮሚቴ ተቀምጦ አይቶለት ድጎማው ይመለስለታል።

«እናስ ወይዘሮ ማጋርድ፣ ምን ደረሰብዎ?»

«ምንም።»

«የሞተ ዘመድ?»

«ዘንድሮ የለም። አምና የሞቱትም ክፍል በሌለኝ ቀን ነው የተቀበሩት።»

«ፍቺ?»

«ሐሳቡስ ነበረን፣ ጊዜ አጣን» አለ ዴልበርት።

«በቤተሰብ ውስጥ ሕመም?»

«የለም» አለች ኦሌታ።

«የለም» አለ ዴልበርት። ጠርሙሱ ፍስስ አለ።

ሚስተር ኪምብሮ ጠርሙሱን አየ። ዓይኑ በቱቦው ሽቅብ ወጥቶ ዴልበርት አፍንጫ ላይ ደረሰ።

«ይቅርታ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ይሄስ?»

«ይሄ?» አለች ኦሌታ። «ይሄ ሕመም አይደለም። ይሄ ከሰል ነው።»

«የዚህ አገር ወንድ ሁሉ አለበት» አለ ዴልበርት። «ጡረታ በለው።»

«እኔ የምለው፣ ወይዘሮ ማጋርድ፣ ይህንኑ ብቻ ቢጽፉ…»

«አልጽፍም። እሱ አንድ ቀን ከክፍል አላስቀረኝም። እንዲያውም ሂጂልኝ እያለ የሚያባርረኝ እሱ ነው። ባላጠፋው ጥፋት የሰው ስም አላነሣም።»

«እኔም ለእሷ ስል አልታመምም» አለ ዴልበርት፣ ከዚያ እስኪሳልና እስኪያበቃ ሁሉም ጠበቁት።

ስለዚህ ኦሌታ አቤቱታዋን በገዛ እጇ ጻፈች። ሙሉ ቃሉ ይህ ነው፦ «ኩራት ነው። ከመቶ ዘጠና ሳላገኝ እናደድና እወጣለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ባሌ ደህና ነው።» ጻፈችና ሰውነቷ ቀለላት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉና፣ እስኪጠራ ጠበቀች።

የኮሚቴው መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ ኮሚቴው በአመልካቿ ላይ የደረሰውን ኩራት በጥሞና ተመልክቷል፤ ሆኖም ኩራት በመመሪያው ከተዘረዘሩት መከራዎች ውስጥ ያልተካተተ ከመሆኑም በላይ፣ ከሐኪም፣ ከመንፈሳዊ አባት ወይም ከቀባሪ የቀረበ ማስረጃ ስለሌለው አቤቱታው ተቀባይነት አላገኘም፤ አመልካቿ የሴሚስተሩ ምዝገባ ከመዘጋቱ በፊት የተሻለ መከራ ካላት ማቅረብ ትችላለች።

«የተሻለ መከራ» አለች ኦሌታ ወረቀቱን እያጣጠፈች። ደጋግማ አጣጠፈችው፤ ከዚያ በላይ የማይታጠፍ እስኪሆን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አለች። ኦሌታ ስትቆጣ ድስት ታንኳኳለች፤ ዴልበርት ድስት መስማት ለምዷል። ዝምታ ግን አልለመደም። ነዳጅ ማደያው በር ላይ የተለጠፈውን የሥራ ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች ስታነብ ከመኪናው ውስጥ ሆኖ አያት። የመተንፈሻ መጽሐፎቿን ካርቶን ውስጥ ስትከት ሰማት። እሱ ምን ማድረግ ይችላል፣ ደረጃ መውጣት እንኳ አይችልም። አንድ ነገር ብቻ ማድረግ እንደሚችል እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ ሳለ ታሰበው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከስብከቱ በፊት ፓስተር ጋርላንድ «የጸሎት ርእስ ያለው» ብሎ ይጠይቃል። የጉልበቱን፣ የልጁን፣ የላሙን የሚናገር ይናገራል። አፍ አውጥተው የማይናገሩት ነገር ያለበት ሰው ደግሞ እጁን ያነሣና «ያልተነገረ» ይላል። በቃ። ማንም አይጠይቀውም፤ እግዜር ያውቀዋል ተብሎ ይጸለይለታል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። በእኛ ዘንድ ግን ያልተነገረ ነገር ከጓሮ ዱባ ፈጥኖ ያድጋል።

ኦሌታ በዚያ ሰዓት ምድር ቤት ሕፃናት እየጠበቀች ነበር። ላይ ደግሞ ዴልበርት፣ በዚያ አግዳሚ ላይ እስኪሸብት ተቀምጦ አንዲት ጊዜ እጁን ያላነሣው ዴልበርት፣ እጁን አነሣ።

«ለኦሌታ» አለ። «ያልተነገረ።»

ጠርሙሱ ፍስስ አለ። ሬቫ የምትባል አለች፣ ጎረቤታችን፣ ያልተነገረውን በማወቅ በሸለቆው ተወዳዳሪ የሌላት ሴት። አሳቧን ስትገልጽ ጉባኤው በሙሉ እንደ ሒሳብ ስሌት ተከተላት፦ ይህ ሰው ሳንባው ሲያልቅ ለራሱ ጸልዩልኝ አላለም። ዛሬ ለሚስቱ እጁን ካነሣ፣ የእሷ ከሳንባ ይበልጣል ማለት ነው። ከሳንባ የሚበልጥ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም በስሙ አንጠራውም።

ከሰዓት በኋላ የኦሌታ በር ተንኳኳ። ሬቫ በእጇ አንድ ምጣድ የተጋገረ ፎሶሊያ፣ በብብቷ የበቆሎ ዳቦ ይዛ ቆማለች።

«አንቺን ማነው ያስነሣሽ?»

«በር ላንኳኳ ሰው ልከፍት ነዋ የተነሣሁት።»

«እንዲህ ስትዪ ነው ራስሽን የጨረስሽው። ግቢ፣ ተቀመጪ።»

«ሬቫ፣ ምን ሆነሻል?»

«እኔ አልጠይቅሽም። ያልተነገረ ያልተነገረ ነው።» ምጣዱን ምድጃው ላይ አስቀምጣ ተመለሰች፤ አጠገቧም ተቀመጠች። «ብቻ ለራሴ እንዳውቀው፣ ጡት ነው ማሕፀን?»

«አልጀብራ ነው።»

ሬቫ እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ቀልድሽን አለመተውሽ» አለች። «እግዜር ይመስገን፣ ቀልድሽን አለመተውሽ።»

ከሬቫ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። በማር የተጠበሰ የአሳማ ጭን መጣ። ማካሮኒ በቺዝ ከሦስት ቤት መጣ፤ የሦስቱም እመቤቶች የሌሎቹን ሁለት ቀምሰው ዝም አሉ። እንደ አገሩ ልማድ የየሳህኑ ቂጥ ላይ የባለቤቷ ስም በፕላስተር ተለጥፏል፣ ከሟች ቤት ሳህን እንዳይጠፋ። ኦሌታ አንዱን ገልብጣ ስታይ ነው ምን ላይ እንዳለች የገባት።

«ዴልበርት፣ እኔ ልሞት ነው እንዴ?»

«እኔ አትሞትም አላልኩም። ትሞታለችም አላልኩም። ምንም አላልኩም።»

ለመጣ ሁሉ ነገረችው። «ደህና ነኝ» አለች፤ ደህና ነኝ ማለቷ ሆድ አስባሳቸው። «የኮሌጅ ነገር ነው» አለች፤ በዚህ ሁሉ መሃል ስለ ትምህርቷ ማሰቧን አደነቁ። «ምንም የለብኝም» ብላ ጮኸችባቸው፤ ተያይተው፣ «አሁንማ ሕመሙ ጠንቶባታል» አሉ። ሰው ሊያዝንልሽ ቆርጦ ከተነሣ ምን ታደርጊዋለሽ። ከሁለተኛው ቀን በኋላ መካዷም እንደ ፊተኛው ጠንካራ አልነበረም፤ ይህንንም የምትመሰክረው ራሷ ናት። «ያ ጣፋጭ የሙዝ ፑዲንግ ሳይመጣ በፊት አጥብቄ ነበር የምክደው» ትላለች።

ፓስተር ጋርላንድ ራሱ መጣ። ረጅም፣ ደግ፣ በልቶ የማይጠግብ ሰው ነው።

«ልንገርዎት ፓስተር፣ ነገሩ እንዲህ ነው…»

«አትንገሪኝ እህቴ። ከነገርሽኝ ያልተነገረ መሆኑ ይቀራል።» ከአሳማው ጭን ቆረስ አደረገ። «ኮሌጁ አስቸግሮሻል የሚባለው ግን እውነት ነው?»

«እሱ ነው ነገሩ ሁሉ።»

«በዚህ ላይ ኮሌጁ» አለ ፓስተሩ ራሱን እየነቀነቀ፤ ብዕር ጠየቀ። እህት ኦሌታ ከባድ ሸክም ተሸክማ በጽናት እንደቻለች፣ ስሟም በጉባኤው ፊት በጸሎት እንደተነሣ፣ ምእመናኑም ቀን ከቀን ምግብ እየያዙ እንደሚጠይቋት መሰከረ። ከቃሉ ውስጥ አንዲት ሐሰት የለችበትም። እሱ ሲጽፍ እንኳ ሁለት ሴቶች ሰላጣ ይዘው በረንዳው ላይ ቆመው ነበር።

ኦሌታ ወረቀቱን አየችው። «እኔ ይህን አላስገባም» አለች።

«አንቺ አታስገቢም» አለ ዴልበርት። «እኔ አስገባዋለሁ።»

ምዝገባው ሊዘጋ ሳምንት እንኳ አልቀረውም። ኦሌታ ለእውነት የቆመች ሴት ናትና በእጇ አልነካችውም። መኪናውን ብቻ ነዳች።

ሚስተር ኪምብሮ የፓስተሩን ምስክርነት አንብቦ ክራባቱን ዳሰሰ። ከቢሮው ወጥቶ እስከ መኪናው ድረስ መጣ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

«ወይዘሮ ማጋርድ፣ ያን ቀን ምንም አልደረሰብኝም ያሉኝ…»

«አዎ፣ ምንም አልደረሰብኝም።»

«ይገባኛል» አለ ዝግ ብሎ። «በውነት ይገባኛል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ መከራው ዳግም ትምህርትዎን እንደማያስተጓጉል ከሐኪም ማስረጃ።»

ከዚያ ወደ ክሊኒኩ ሄደች፤ እዚያ ያለው ዶክተር ራኦ የግማሹን ሸለቆ ሳንባ በስሙ የሚያውቅ ሐኪም ነው።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ ኦሌታ?»

«ምኔንም።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለሽ?»

«ምንም እንደሌለብኝ እንዲጽፉልኝ።»

«በስንት ዓመቴ ደህና ሰው መጣልኝ» ብሎ በደስታ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ መረመራት፤ ደሟን ወሰደ፣ ራጅ አነሣት፣ ጉልበቷን በመዶሻ መታ መታ አደረገ። ከዚያም «በተደረገላት ሙሉ ምርመራ ምንም ዓይነት የበሽታ ምልክት አልተገኘባትም» ብሎ ጽፎ ማኅተም መታበት።

ኮሚቴው ሁለቱን ማስረጃዎች በቅደም ተከተል አነበበ። ቀድሞ የፓስተሩን፣ ቀጥሎ የሐኪሙን። ከኮሚቴው አባላት አንዷ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች አሉ።

እዚህ ላይ አገሬውን ላመስግን። አንድም ሰው አልዋሸም። ዴልበርት «ያልተነገረ» አለ፤ አልተነገረምና ልክ ነው። ፓስተሩ ሸክም አለ፣ ሐኪሙ ጤነኛ አለ፤ ሁለቱም የገዛ ዓይናቸው ያየውን ነው የጻፉት። ኮሚቴውም የቀረበለትን አምኗል። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ቃሏ ያልታመነው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ሁሉን ነገር የተናገረችው ናት።

ድጎማው ተመለሰ። ከቅድመ ሁኔታ ጋር፦ አልጀብራን ትማራለች፣ ከአንድም ክፍል አቋርጣ መውጣት አይፈቀድላትም፣ ሲ ካገኘች ይበቃል።

የመጀመሪያው ፈተና ሲመለስ ስልሳ ስምንት አገኘች። ሰውነቷ ሳያማክራት ተነሣ። ከቦርሳዋ ብልቃጡን አውጥታ ወደ ሚስ ታኬት ጠረጴዛ ሄደች፤ ሚስ ታኬት በዕድሜ ልጇ የምትሆን ናት፣ ኦሌታ ያበሰለችውን በልታ ያደገች።

«እንግዲህ ልጄ፣ ስላስተማርሽኝ…»

«ወይዘሮ ኦሌታ፣ መሄድ አይችሉም።»

«አውቃለሁ። እግሬ ነው የረሳው።»

«በሉ ይቀመጡ። ማርማላታውን ግን እዚያው ይተዉት።»

ተመልሳ ተቀመጠች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለቤቱ እያዛጋባት ተቀመጠች። አጠገቧ ያለው ወጣት ሰባ አንድ አግኝቶ የድንች ጥብስ እየቆረጠመ ነው፤ ሰባ አንድ አግኝቶ የምግብ ፍላጎት ያለው ሰው አይታ አታውቅም ነበር። ቁጭ ብላ ዓይኗን ስታፈጥጥበት፣ «ይበላሉ?» ብሎ ዘረጋላት። በላች። በሁለተኛው ፈተና ሰባ አገኘች። በሦስተኛው ደግሞ የአንዱን ጥያቄ መልስ እስከ መጨረሻው ድረስ ራሷ አወጣችው፤ እስከዚያ ቀን መጨረሻው ድረስ ቆይታ ስለማታውቅ እንዴት እንደሚያልቅ አላየችውም ነበር።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ውጤቷን ይዛ ቤት ገባች።

«ስንት?» አለ ዴልበርት።

«ሲ።»

«እኔ በዕድሜዬ አግኝቼው አላውቅም። ጥሩ ነው?»

«ያጠግባል ተብሏል።»

ኮሌጁም ወዲያው አከበራት። በዚያ ኮሪደር በስተግራ ያለው ቢሮ በሲዋ ምክንያት ስሟን ከክብር ሰሌዳው ላይ ፋቀ። በስተቀኝ ያለው ቢሮ ደግሞ በዚያችው ሲ ምክንያት ፎቶግራፏን አስፍቶ «የእድገት አርአያ» ብሎ ሰቀለ። ፋቂውና ሰቃዩ አንድ መሰላል ነው የተጠቀሙት። ኦሌታ ፎቶግራፉን ስታየው፣ «አንደኛ ሳለሁ ማንም ካሜራ አላነሣብኝም» አለች፤ ቢሆንም ፀጉሯ አምሮ በመውጣቱ አልተቀየመችም።

በአዲሱ ዓመት መግቢያ ሚስተር ኪምብሮ ድጎማቸው የተቋረጠባቸውን ተማሪዎች አዳራሽ ሰብስቦ፣ መከራን ድል የነሣች እናት ብሎ አስተዋወቃት። ኦሌታ ብድግ አለች። የምትለውን ከቤት አዘጋጅታለች። እውነቱን ልትናገር ነው፤ ለዚህ ነው እሺ ብላ የመጣችው።

«እኔ ድል የነሣሁት መከራ የለም» አለች። «ምንም አልነበረብኝም። ሰዎች ብዙ አስበውልኛል፣ ምንም አልነበረብኝም። ኩራተኛ ነኝ፣ ሲያንሰኝ ጥዬ እሄዳለሁ፣ ያ ብቻ ነው። እናንተ ጥላችሁ አትሂዱ። አቤቱታ ስትጽፉም እውነቱን ጻፉ።»

ሚስተር ኪምብሮ ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ። «እንዲህ ያለ ትሕትና» አለ ለተማሪዎቹ፤ «ያሳለፈችውን እኔ ነኝ የማውቀው።»

አዳራሹ ባዶ ሲሆን አንዲት ልጅ ወደ ኋላ ቀረች። ስሟ ሻይና ነው፣ ካፖርቷን እስከ አገጯ ቆልፋዋለች።

«እውነቱን ጻፉ ያሉት ነገር» አለች፣ «እርስዎ ጽፈው ነበር?»

«ጽፌአለሁ።»

«ድጎማውን መለሱልዎ?»

«አልመለሱልኝም።»

«ታዲያ እንዴት ሆነው?»

ኦሌታ ዞር ብላ አየች። ሚስተር ኪምብሮ ወንበር እየደረደረ ነው።

«አንቺን ምን አገኘሽ?»

«ምንም። ጠዋት ጠዋት መነሣት እያቃተኝ ክፍል ቀረሁ፣ ከዚያ ተመልሼ ለመግባት አፈርኩ።»

«የሞተብሽ የለም?»

«የለም።»

«የታመመ?»

«ሁሉም ደህና ናቸው። ይህንኑ ልጻፈው?»

ልጅቱ የምትጠይቀው ከልቧ ነው፤ ምዝገባው ሊዘጋ ቀናት ቀርተውታል። ኦሌታ ማጋርድ፣ የስሎን ልጅ፣ በሕይወቷ አንዲት የሐሰት ቃል በእጇ ያልጻፈች ሴት፣ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች።

«አትጻፊው» አለች። «እሑድ እኛ ቤተ ክርስቲያን ነይ። የጸሎት ርእስ ሲጠየቅ እጅሽን አንሺ፣ ‹ያልተነገረ› በዪና ዝም በዪ፤ የቀረውን እነሱ ያውቁታል።» በሩ ዘንድ ስትደርስ ግን አንድ ነገር ከነከናትና ተመለሰች። «እስከዚያ ፍሪጅሽን ባዶ አድርጊ። እኔ ሳላውቅ ቀርቼ ስንት የአሳማ ጭን ተበላሽቶብኛል።»